ሁለት ብልቃጥ

ባሕር በሌለበት ባሕር አስተማርኩ፤
ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ስምንተኛ «ለ» ክፍል፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ
ድምፄ ሲዋጥብኝ በጠመኔ ሳልኩ፤
ከድንጋይ የተጣበቀች፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣
አፏን ወደ ላይ ከፍታ የተተከለች
አንዲት ቁራጭ ነገር።
«የጄሊፊሽ እናት ይቺ ናት» አልኳቸው፤
«አትዋኝም፤ ትጠብቃለች።»
«ምንን?» አለች ሐዋ ይማም፣ ከኋላው ወንበር፤
ስትጠይቅ እጇን አታወጣም ነበር።

«ብርዱን ነዋ! ሌሊት በሌሊት ላይ
ከሆዷ ውስጥ ቅመም ታጠራቅማለች፣
ጠብታ በጠብታ፣ እንደ ዕቁብ ብር፤
ዕጣው ሲደርሳት ነው የምትሸነሸነው።
ወገቧ ይከፈላል፣
እንደ ድግስ ሳህን ትደራረባለች፤
ከላይ ያለው ሳህን ይንቀጠቀጣል፣
ይላቀቃል፣
ይሄዳል፤
ልብ የለው፣ አጥንት የለው፣ ኮከብ የመሰለ ልጅ።
ብርዱን ሳትቆጥር ግን ንቅንቅ አትልም።»

ደሞ አዮዲን አልኩ።
ባሕር ውስጥ ያለ ነው፣ እሷን የሚቀሰቅስ፤
እኛ ደገኞቹን ሲጎድለን ጊዜ ግን
አንገት የሚያሳብጥ።
ክፍሉ ጸጥ አለ።
ግማሹ እናቱን፣ ግማሹ አክስቱን አሰበ መሰለኝ፤
የሐዋ እናት ዘሙ፣ ሻሽ የማይሸፍነው አንገት ነበራት፤
«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያለ የሚተርተውን
ገበያ መሃል ቀና ብላ የምታልፍ ሴት።
«እናቴ አንገት ላይ ያለውስ» አለች ሐዋ፣
«እሱም ክረምት እየቆጠረ ነው?»
መጽሐፉን ገለጥኩ።
መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ከሐይቁ ዳር፣ ከፊላው ሥር
ጭራ እንጂ እግር የሌላቸውን
የእንቁራሪት ግልገሎች ቀዳን፤
ሁለት የማርማላታ ብልቃጥ፣ እኩል ውሃ፣ እኩል ጎመን።
ከጤና ጣቢያው ለምኜ ባመጣሁት አዮዲን
አንዱን ብቻ ነካሁት፤
ሦስት ጠብታ።

አሥራ አንድ ቀን።
ያልተነካው ብልቃጥ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይወፍራል፤
የተነካው ውስጥ እግር በቀለ፣ ጭራ ተበላ፣
ከሽምብራ የማትበልጥ እንቁራሪት
ድንጋይ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ሙሉ፣ የተጠናቀቀች።
ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።
ሐዋ ግን ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳችና
«ቲቸር፣» አለች፣ «ይቺኮ ሳትጠግብ አደገች።»

በጥር ወንበሯ ባዶ ሆነ።
ከቢስቲማ ወዲያ ለማላውቀው ሰው
አጎቷ ሰጣት አሉ፤
ሦስት ሽማግሌ መጥቶ፤
ሦስት።
አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤
ስም ጠሪ ደብተሬ ላይ
«ቀሪ» እያልኩ ጻፍኩ እስከ ሰኔ፤
ሌላ ቃል አላወቅሁም፣ ሌላ ሳጥንም የለውም።

ባቲ አገኘኋት፣ ሰኞ፣ ከጨው ተራ፤
አንዱን አዝላ አንዱን ይዛ።
ከግመል የወረደውን፣ የደረቀውን ባሕር አልፋ
የላስቲክ ጨው አነሳች፤
ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ፣ ደቃቁን፣
ድምፅ አውጥታ አነበበች፣ ነጋዴው እየሳቀ፦
«አ-ዮ-ዲን ያለው።»
ሦስት ገዛች። «ላንገቷ ባይደርስም» አለች፣
«ለነዚህ።»

ከዚያ ዞር ብላ፣ ልክ እንደ ኋላው ወንበር፣
እጇን ሳታወጣ፦
«ያኛው ብልቃጥስ? ያልነካኸው?»
«ሐይቁ ውስጥ ለቀቅኋቸው» አልኩ።

ዋሸሁ።
የጥር ፈተና አልቆ ክፍሉን ስንቆልፍ
መስኮቱ ላይ ረሳኋቸው፤
ስመለስ ብልቃጡ ደርቆ
ከታች ጥቁር ክብ ነበር፣ እንደ ቡና አተላ።
እሷ ዓይኔን አየች፤
እንደዚያን ቀን ወደ ብርሃን አንስታ አየችኝ፤
የልጇን አፍንጫ በነጠላዋ ጠረገችና
«አብሽር ቲቸር» አለች፤
«አብሽር።»