ጢጥ

ከዱባይ የመጣች፣ የራዳር ጠቋሚ፣
ክብሪት የምታክል፣ ከሩቅ ነገር ሰሚ።
ከስታዲየም ወዲያ፣ ሜክሲኮ እስክደርስ፣
የባንክ መስታወት በር፣ ሰው ሲያይ ሲላወስ፣
ጢጥ! ጢጥ ጢጥ! ትላለች፣ ራዳር አለ ብላ፤
እግረኛ ቀደመኝ፣ ቆሎ እየበላ።

ጣቴን ሰደድኩባት፣ አፏ አለ ጥርቅም፤
ቀይ ዓይኗ ብቻ ቀረ፣ ብልጭ፣ ድርግም።

ትርንጎ ጎኔ ነች፣ ቀበቶዋን አስራ፤
ድሮ “ቀስ በል” ማለት፣ ነበር የእሷ ሥራ።
እኔም “በቃ፣ ሰማሁ!” አልኳት አንድ ማታ፤
ቁልፍም አልነበራት፣ ወደቀ ዝምታ።

መንገዱ ሜክሲኮ ጋ፣ ድንገት አለ ወለል፤
ረገጥኩት፤ ቀይዋ፣ ጋመች እንደ ከሰል።

ትርንጎን ዞሬ አየሁ።
ቃል የላትም ዛሬም፤
ጭብጥ አርጋ ይዛለች፣ የበሩን እጀታ።