እስኪደርቅ

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ ታክሲ ከሚዞርበት፣
አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ከሚረከብበት፣
አንድ ሆስፒታል አለ፣ ግማሹ ያላለቀ፣
ፌሮው እንደ ጸጉር ከአናቱ የዘለቀ።

እዚያ ነው የገባው ወንድሜ ጉተማ፣
በሚገፋ አልጋ፣ ቃልም ሳያሰማ።
ዘጠኝ ዓመት ሞላን አፍ ከተዘጋጋን፣
በአባታችን ጓሮ፣ በአንድ ክንድ ወሰን።
መሬቱን ኮንዶሚኒየም ከወሰደው ቆየ፤
ወሰኑ ብቻ ነው ከኛ ያልተለየ።

ጉተማ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሠላሳ ዓመት
ተንበርክኮ ኖረ በሌላ ሰው ቤት።
ለጸሎት አይደለም። ለማያድርበት ሳሎን፣
ለማይታጠብበት መታጠቢያ።
«ጉልበቴን ነው የሸጥኩት» ይላል ሥራውን ሲጠይቁት፤
ሰዉ ይስቃል። ሐኪሙ ግን ራጁን አይቶ አልሳቀም፦
አጥንት ከአጥንት ጋር፤ መሐሉ ምንም የለም።

«ሁለት ከረጢት ደም ይዘጋጅ» ተባለ።
ልጁ ሶሬቲ ደወለችልኝ፤
«አጎቴ» አለችና ዝም አለች።
ያ ዝምታዋ በቃኝ።

«ደም መላሽ» ሲሉኝ የማውቀው
ጠብመንጃ ያነገተ፣ ቂም ያዘለ ሰው ነው፤
ነርሷ በአልኮል ጠርጋ በጣቷ ስትፈልገው
ለካ ክንዴ ላይ ኖሯል፣ አረንጓዴ፣ ቀጭን።
ከረጢቱ ሲሞላ እያየሁ አሰብኩ፦
ሳልናገር እኔ፣ እሱም ሳይሰማ፣
በቱቦ ሾልኮ ይግባ «ይቅር» በጨለማ።

ያን ሰሞን ሶሬቲ መድኃኒት ፍለጋ
ከገላን እስከ ሳሪስ አምስት ፋርማሲ ዞራ
አምስት «የለም» ሰማች።
ስድስተኛው ቃሊቲ፣ ከጎማ ቤት ጎን፣
ከመሳቢያ አወጣላት፦
ሁለት ብልቃጥ፣ ከትንሽ ጣቴ ያነሱ፣
እንደ ውኃ የጠሩ።
ስሙን በፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ።
«አሲድ?» አልኩ ደንግጬ፣ የመኪና ባትሪ ታየኝ።

ሲስተር ዝማም ሳቀች፣ ማስኳን ዝቅ አድርጋ።
«ደም አይጨምርም» አለች፣ «ደምም አይሠራም።
ቁስሉ ራሱ ያረጋውን ደም
ቶሎ እንዳይፈርስ ይጠብቅለታል።
ቢላ ሳይነካው በፊት በደም ሥሩ እሰጠዋለሁ።»

ገባኝ። ጉተማም አንጥፎ ሲወጣ
በሩ ላይ ቀይ ክር ይወጥር ነበር፣ በጉልበት ከፍታ፤
ካርቶን ላይ በከሰል «እስኪደርቅ» ብሎ ጽፎ።
ክሩ ሲሚንቶ አይደለም፤ ምንም አያጣብቅም፤
የቤቱ እመቤት ግን በጫማዋ አትረግጥም።

ሁለት ሰዓት ተኩል።
ከመስኮቱ ማዶ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ፤
ዘበኛው ጃንጥላውን ለአንዲት ፍየል አካፈለ።
እኔ ቁጥር ቆጠርኩ፤ ወለሉ ላይ ያሉትን፣
በረድፍ አሥራ ስምንት፣
አንዱ የተሰነጠቀ።

ሐኪሙ ወጣ፣ ግንባሩ ላይ የቆቡ መስመር።
«አለቀ። ብዙም አልፈሰሰው።
ያንተን ደም አልነካነውም።»

አልነካነውም!
የምሥራቹን እንደ ስድብ ሰማሁት።
ፍሪጅ ውስጥ ነው እንግዲህ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣
ይቅርታዬ ቀዝቅዞ።

ማታውን ወሰዱት፣ ከዱከም ለመጣች፣
ወልዳ ደሟ እንቢ ላለ አንዲት ሴት።
ስሟን አልነገሩኝም።
ከኔ ጋር ወሰን የላትም፤ ተጣልተን አናውቅም፤
ደሜ ሲገባባት የሚያስረዳው አልነበረውም።
ትዳን፤ ልጇም ይደግ።
ለወንድሜ ግን ምን ቀረኝ? አፌ ብቻ፤
እሱም ዘጠኝ ዓመት ሥራ የፈታ።

ገባሁ።
እግሩ በነጭ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተኝቷል፤
ፋሻው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ከሳንቲም ያነሰች።
ዓይኑን ገለጠ። እኔን አላየም መሰለኝ፤
ቁልቁል ወለሉን አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ።
«ይሄን ማን ነው ያነጠፈው?» አለ፣
ምላሱ በማደንዘዣ ተሳስሮ፣
«ጠማማ ነው።»

ላየው ጎንበስ አልኩ።
ተንበረከክሁ።
እውነቱን ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ጠማማ ነው።
ቶሎ አልተነሳሁም።