ወርዶ የቀረ ድንጋይ

ክርካቬትስ ይሉታል፣ ቁራ ማለታቸው፤
ጥርሱ የረገፈ ግንብ ነው፣ ኮረብታ አናታቸው።
ከግርጌው አንድ መንደር፣ ስሎቫኪያ ምድር፣
አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ የጫማ ፋብሪካ፣ እሱም የታጠረ በር።

ያኔ ጌታ ነበር፣ ገብስና ማር ቀራጭ፣
በጋ ክረምት ሳይል ትከሻ የሚፈጭ።
ድንጋይ ከወንዝ ዳር ሽቅብ ተሸክሞ
ስንቱ ገበሬ ነው የወጣው አዝግሞ!
ክፍያው አንድ ቁራሽ፣ ያውም የአጃ ቂጣ፤
ወገቡ የጎበጠ፣ "ሰነፍ" ተባለና በጅራፍ ተቀጣ።
ግንቡም ቆመ፣ ረዘመ፣ ደመናውን ነካ፤
ጌታው በመስኮቱ ሸለቆውን ለካ።

ጠላት ሲጠብቁ ጠላት መንገድ ቀረ፤
ቤቱን ድል የነሣው የጣሪያ ግብር ነበረ።
"ጣሪያ ያለው ይክፈል" የሚል ሕግ ተነሣ፤
ቆጣቢው የልጅ ልጅ ክዳኑን አስነሣ።
ዝናብ ገባ፣ በረዶ ገባ፣ አረም ገባ ተከትሎ፤
ወራሹም ሄደ፣ ወደ ከተማ ኮብልሎ።
የተመኩበት ሁሉ፣ ማማውም አጥሩም ፈረሱ፤
ጋጣውን ብታየው ባዶ ነው፤ የታለ ፈረሱ?

ያን ጊዜ መንደሩ፣ መንኮራኩሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣
በሌሊት ወጣ፣ ሚስትና ልጅ አስከትሎ፤
የአያቱን ላብ ጫነ፤
አንዱ ድንጋይ የጉድጓድ አፍ፣ አንዱ ምድጃ ሆነ፣
አንዱ የአሳማ ጉረኖ፣ አንዱ የመቃብር ራስጌ፤
ከራስጌ የነበረው ግንብ እንዲህ ወረደ ወደ ግርጌ።

ዛሬ ደግሞ ቬንዴሊን፣
ሠላሳ ዓመት ቆዳ የቆረጠበት ፋብሪካ ሲዘጋ፣
በመንግሥት ደሞዝ ድንጋይ ያወጣል፣ ክረምት ከበጋ።
ጉልበቱን ሲያመው ቁጭ ይልና ይስቃል፦
"ቅድመ አያቴ አወጣው፣ አያቴ አወረደው፣
እኔ መልሼ ላውጣው፤
ልጄስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታወርደው?"

ቅዳሜ ሰርግ አለ። ሙሽራዋ ዳገቱን
ትወጣለች፣ በእጇ ይዛ ጫማዋን።
ለእንግዳ ሁለት ዩሮ ነው፤ የመንደር ሰው በነጻ።
ማማው ላይ የስልክ አንቴና፤ አንቴናው ላይ ቁራ።

የምሥራቁ መስኮት ግን አልሞላም።
ግማሽ አበባ ተቀርጾበት ግማሹ የለም፤
ግማሹ የኦቲሊያ ደጅ ደፍ ነው።
መሐንዲሱ መጣ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
"እማማ፣ ቅርስ እኮ ነው፣ የሕዝብ" አለ ተሳቆ።
"ሕዝቡስ ማን ሆነና? እኔ አይደለሁም እንዴ?
ሦስት ሬሳ ወጥቶበታል በዚህ ደፍ፣ ሁለት ሙሽራ ገብቶበታል፤
አበባውም ከእግራችን ብዛት ልሟል።
ለጌታ አንዴ ተሸክመናል፤ ይበቃል።"
ባርኔጣውን መልሶ ደፋና ሄደ።

እናም መስኮቱ እንደጎደለ ነው።
ሙሽሮች እዚያው ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።
አስጎብኚዋ፣ የቬንዴሊን ልጅ ዝዴንካ፣
ጣቷን በጎደለው በኩል ታሾልካለች፦
"ቀሪው እዚያ ታች ነው። ሰማያዊ በር ያለው።"
እንግዳው ጎንበስ ይላል፣
ጌታው ሸለቆውን በለካበት ቀዳዳ፤
ኦቲሊያ ደፏ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች፣
ልጣጩን ለአሳማው እየወረወረች፤
አንዳንዴም ቀና ብላ፣
ማን እንደሚያያት ታያለች።