ኮባልት በሁለት እሳት

ዴልፍት፣ በየካቲት፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ቦዩ ከነዳክዬው ከድልድዩ ሥር ሲያንቀላፋ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከቱቦው ምድጃ ፊት፣
ሐምራዊ ዱቄት በሸክላ ጀልባ ይዤ፣ በስስት።

አራት ናይትሮጅኖች፣ ክብ ሠርተው እንደተቀመጡ፣
መሃላቸው ኮባልትን አቅፈው፣ ለማንም እንዳይሰጡ።
ዘመዳቸው ደም ውስጥ አለ፤ ብረት ይዞ ይዞራል፤
ሌላው ቅጠል ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይመነዝራል።
ይኼኛው ግን የእጄ ሥራ ነው፣ ስድስት ሳምንት የፈጀ፣
ሁለቴ የከሸፈ፣ በሦስተኛው የተበጀ።

ባለፈው እንዲሁ፣ እሳት ሳይነካው፣ አሲድ ውስጥ ነከርኩት፤
እስከ እኩለ ሌሊት ሠራ። ጠዋት መጥቼ አየሁት፦
መስመሩ ወርዶ ወርዶ፣ እንደ ደከመ ትንፋሽ ተኝቷል፤
ኦክስጅንን ግማሽ መንገድ ሸኝቶ ተመልሷል።
ውሃ ይሆናል ያልኩት፣ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ተቀብሎ፣
ፐርኦክሳይድ ሆኖ ቀረ። ያጎረሰውን እጅ ነከሰ፣ ቀስ ብሎ።

ፍራውክየ፣ አርባ ዓመት የሸክላ ሠዓሊ፣ አሁን ጡረታ፣
የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ነግራኝ ነበር አንድ ማታ፦
"ስንቀባው ሰማያዊ አይደለም፤ ጥላሸት ነው የሚመስል፤
የሳልሽውን ልብሽ ያውቀዋል እንጂ ዓይንሽ አያስተውል።
ብሩሹን አንዴ ካሳረፍሽ ነጩ ሽፋን ይጠጣዋል፤ አይፋቅ፤
ከዚያ ምድጃ ነው፣ ከዚያ በር መዝጋት፣ ከዚያ መጠበቅ።
ስትከፍቺው ነው ባሕሩ፣ መርከቡ፣ ሰማዩ የሚወጣው።
ያ ጥቁር ነገር ኮባልት ነበር። ቀለሙን እሳት ነው ያመጣው።"

የእኔ ተቃራኒው ነው፤ ባማረ ቀለም ይገባል፣
ከሰል ሆኖ ይወጣል። ከተራ ጥላሸት ማን ይለየዋል?

አርጎን ለቀቅኩ። በጠርሙሱ ዘይት ውስጥ አረፋው ቡል ቡል አለ።
ዕድሜ ልኩን ኦክስጅን ሊያገለግል የታጨው፣ ዛሬ ከኦክስጅን ተከለለ።
አራት መቶ፤ አምስት መቶ፤ ስድስት መቶ ላይ መስተዋቱ አላበ፤
በቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ቢጫ ቅባት ተንጠባጠበ።
የቀለበቱ ሥጋ ነው፣ እየተገነጠለ የሚሄደው፤
ስድስት ሳምንቴ ነው፣ በጭስ መውጫው የሚሰደደው።
ስምንት መቶ። ሁለት ሰዓት። እኔና ቆጣሪው ብቻ፤
ከላይ የዘበኛው ኮቴ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ዳርቻ።

ጠዋት አወጣሁት። የድስት ቂጥ ጥላሸት ይመስላል፤
ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲሶው ተኖ ጎድሏል።
ጠብታውን በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ አድርቄ፣ ኦክስጅን ነፋሁበት፤
መስመሩ ተነሣ። ከፍ አለ። ማታም እዚያው አገኘሁት።
በማግሥቱም።
በሁለተኛው ሳምንት ትንሿ ሴል ውስጥ ከተትነው፤ በመውጫ ቱቦዋ
አንዲት ጠብታ ውሃ ታየች፣ ለመውደቅ እያመነታች፣ ብቻዋ።

"ቀለበቱ ፈርሷል" ይላል ቲመን፣ "የቀረው ከሰልና ኮባልት ነው።"
"አራቱ አሁንም ይዘውታል" ትላለች ኢልዘ፣ "ራጁ የሚያሳየው ይኼንን ነው።"
እኔ ዝም አልኩ። የራጁ ሥዕል ጭጋግ ነው፤
ሁሉም የሚያይበት የናፈቀውን ነው።

እሑድ ከተረፈው ቆንጥሬ በብልቃጥ ለፍራውክየ ወሰድኩላት፤
በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው። የማውቀውን ነገርኳት፣
የተረፈውን፣ የተነነውን፣ የማናውቀውንም ጭምር።
ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፣ ልክ እንደ ዘር።
"ይኼማ ምድጃ ያልገባ ነው" አለች፣ "የእኛም ሲጀመር እንዲህ ነው።"
"ገብቶ ወጥቷል" አልኳት። "ያለቀለት ይኼው ነው።"

ሳቀች። ብልቃጡን ከተሰነጠቀው ሸክላ ጎን፣
ሰማያዊ መርከብ ካለበት፣ አኖረችልን።
ውጭ ዝናቡ አላባራም። ውሃ እንዲህ በነጻ ሲወርድ፣
እኔ ለአንዲት ጠብታ ስድስት ሳምንቴን ሳነድ።