ከዝናብ ይጠበቅ

ከአዌቱ ወዲህ፣ ከቆርቆሮው ጣራ፣
ሰኔ ሲደልቀን እንደ ሠርግ ጭፈራ፣
መምህሬ ጋሽ ኸድር ጠመኔ ጨብጦ
አንድ ፊደል ጻፈ ከሩሲያኛ መርጦ።
«ይህችን ድምፅ ለማውጣት ስንቱ አገር ይለፋል፤
የፈረንጅ ከንፈር በእሷ ይጣመማል።
እናንተ ግን» አለን፣ «ጭንቀት አያሻችሁም፤
ሳድስ ናት፤ ከጥንትም ከአፋችሁ አልጠፋችም።
‹ልብ› በሉ፤ እዚያ አለች። ‹ስም› በሉ፤ እዚያ አለች።
ከሞስኮ አልመጣችም፤ እዚሁ ነበረች።»

ሌላ ቀን ደግሞ ጣራው ሲወገር
ጠመኔውን ጥሎ ጀመረን ነገር፦
«ይህን ምን ትሉታል?»
«በረዶ።»
«ድምፅ ሳያሰማ እንደ ጥጥ የሚወርደውን?»
«በረዶ።»
«ረግቶ ወንዝ ላይ፣ ሰው የሚራመድበትን?»
«በረዶ» አልን ደግሞ፤ ሳቀ፣ ሳቅንበት፤
ሦስት ስም ጻፈልን፣ አንድ ላልንበት።

በቮሮኔዥ ክረምት የለበሰው ካፖርት
ዛሬም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ በክብር፣ በንጽሕት፤
የሰባት ዓመት ብርድ ያልነካውን ሱፍ ግን
የጅማ እርጥበት በላው፣ ከክንዱ እስከ ኮሌታ።
መዝገበ ቃላቱም ከ«ፍቅር» እስከ «ፋብሪካ»
ሻግቷል። እናነባለን፣ በሻጋታው መሐል።

«ከቆጪ በምን መጣሽ?» ብሎኝ አንድ ጠዋት
የባጃጁን ግሥ መረጥኩ፣ ላሳምር፣ ለኩራት፤
ጫማዬን አየና፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ፣
«የእግሩን ግሥ» አለኝ፤ «ሰዋስው አይዋሽም፣ በቃ።»

ከሰዓት መምህርት ሊን በፔርሙዟ ትመጣለች፣
ያለ ስኳር፣ ያለ ምንም፣ ፍል ውኃ ትጠጣለች።
አንዲቷን «ማ» አንሥታ አራት ቦታ ጣለቻት፤
አንዱ እናት፣ አንዱ ቃጫ፣ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ ስድብ፤
እናቴን ስጠራ ፈረስ ወጣ ከአፌ፤ አጣሁ ቀልብ።
«አለ» እና «አለ»ን እኔም በተራዬ አስተማርኳት፣
ላልቶ ወሬ መሆኑን፣ ጠብቆ መኖር፣ አሳየኋት፤
«ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ አፍ ነው የሚለያቸው።»
«እናንተም ትደብቃላችሁ!» አለች፤ በቀይ አሠመረችባቸው።

አያቴን ፈረሱ ነበር ስም የሰጠው፣ አባ ዳማ፤
ዳማው ሞተ፤ ስሙ ቀረ።
ይህን ስነግራት ሊን ሦስተኛዋን «ማ» አነሣች፣
በእጇ አየሩ ላይ ወርዳ ወጣች፤
«ጎድጎድ ብሎ መነሣት ነው፣ እንደ ኮርቻ» አለች።

ቅዳሜ እናቴ መርካቶ ካርቶን ወረደላት፣
ስልሳ ጃንጥላ፤ ዘንድሮ ሰማዩ አዘነላት።
በጎኑ ሁለት ቀይ ፊደል። «አንብቢ» አለች በኦሮምኛ፤
«ሁለት ዓመት የላክሁሽ ለሰው አፍ ነው፤ ዛሬስ ይናገር ለእኛ።»
ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ።
መጀመሪያ «ዝናብ»ን ለየሁት፣ መስኮት ውስጥ አራት ጠብታ፣
ሊን ስትጽፈው «ጅማ ነው!» ብለን የሳቅንበት ለአፍታ።
ሌላው ዘገየብኝ። ጣቴን አስኬድኩበት፣ እንደ ዕውር።
«እማ፣ እንዲህ ይላል፦ ከዝናብ ይጠበቅ።»

ዝም አለች። ጃንጥላውን አየች። ሰማዩን አየች።
ከዚያ ሳቅ ጣላት፤ ሳሙና ሻጯም አብራ ሳቀች።
«ጃንጥላ ከዝናብ? ታዲያ ማን ነው የማን ጠባቂ?»
ለየገዢው ነገረችው፤ ገዢው ሁሉ ሆነ ሳቂ።
ከመግሪብ በፊት አርባውን ሸጠች፣
ቀልዱን ምርቃት እየጨመረች።

ጋሽ ኸድር ብሎናል፦ «በሩሲያኛ ‹ነኝ› የለም፤
ስም ከስም ይቆማል፤ መካከሉ ዝም።»
ለእኔ ጆሮ ጎደሎ ነበር ያ፣
አንድ እግሩ የወለቀ የጅማ በርጩማ።
ግን ያን ማታ በእግሩ ግሥ ወደ ቤት ስሄድ፣
ባዶው ካርቶን ከራሴ ላይ፣
ቀዩ ፊደል ቀልጦ በግንባሬ ሲወርድ፣
አጉረመረምኩት፤ ሞላልኝ፦

እኔ ተማሪ።
እናቴ ነጋዴ።
አያቴ ፈረስ።
ይህ ዝናብ ጅማ።