የዕድር ሸራ

ሂርማታ ከሱቄ፣ ሲንጀሬን ስዘውር፣
ሙዘይን አባ ዱራ፣ የቡና መጋዘን ሚዛን ጠባቂው ሰው፣ ገባ ሳይናገር።
ከትከሻው አውርዶ አንድ ጥቅል ሸራ
ዘረጋው ወለል ላይ፤ ሱቄ ሞላ ከአቧራ።
አውቀዋለሁ ጨርቁን፤ የዕድራችን ድንኳን፣ በጫረታ ያለቀ፣
ስንት ለቅሶ ያሳለፈ፣ ስንት ዝናብ የጠለቀ።

"ስፋልኝ" አለኝ፣ "ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉን አሹልና።"
"ለምን?" ብለው፦ "ለጀልባ ነዋ፤ ነፋስ እንዲይዝልኝ ገና።"
ሳቅሁ። አልሳቀም። "ጅማ ላይ ጀልባ? አዌቱን እንኳ
ዶሮ ይሻገራል ጥፍሩን ሳያርስ።" "ጊቤ ግድብ ላይ ነው፤ ዝም ብለህ ለካ።"

ባህር ኃይል እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል፤
ስለ ባህር ሲጠይቁት ግን ስለ ዝናብ ይመልሳል።
አንዴ ብቻ፣ እኔ ስሰፋ፣ እሱ ጠርዙን ይዞ፣
ነገረኝ በግማሽ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ፦
ከምጽዋ ወደ አሰብ፣ ዳር ዳሩን በሸራ፣
የፈቃድ ወረቀት ይዞ፣ ከጓዱ ከድንቁ ጋራ፣
ስንቅ ጭነው፣ ውሃ ሞልተው፣ ገመድ ፈተው ሳሉ፣
"ፈቃድ ተሰርዟል፣ ወደ ጦሩ ተመለሱ" አሉ።
"ድንቁ እዚያው ቀረ" አለኝ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤
ወሬውንም እዚያው ጨረሰ።

ሐሙስ ሌሊት፣ ጀልባዋን አይሱዙ ላይ ጭነን፣
አሰንዳቦን አልፈን ውሃው ዳር ወረድን።
ዕቅዱ ኪሱ ውስጥ ነው፦ ሦስት ቀን፣ ዳር ዳሩን፣ እስከ ግድቡ ግንብ፤
የአዳሩን፣ የምሳውን ሰዓት ሳይቀር በቀይ እስክርቢቶ አስምሯል በደንብ።

በመጀመሪያው ቀን ነፋሱ እንደ ውል አክባሪ በሰዓቱ መጣ።
ሸራው ሆዱን ነፋ፤ እኔ አንጋጥጬ፣ ከመርፌዬ ቀዳዳ ብርሃን ሲወጣ
እቆጥራለሁ። ከሥራችን መንደር አለ፣ የተዋጠ፤
አንድ የደረቀ ዋርካ ጫፉ ብቻ ያመለጠ።
ጉማሬ ከሩቅ ያዛጋል። ሙዘይን መሪውን ይዞ
ያፏጫል፣ እሱ! ያ ዝምተኛ፣ ወገቡ ተመዝዞ።

በማግስቱ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ ከማዶ፤
ነፋሱ ዞረብን፣ እንዳኮረፈ ዘመድ ፊቱን ነስቶን ሄዶ።
"ሳበው!" "ልቀቀው!" "የቱን?" ወረቀቱ በረረ፣ ቀዩ መስመር ውሃ ላይ ፈሰሰ፤
ጀልባችን ከማናውቀው ዳር፣ ከጭቃ፣ ከቄጠማ ደረሰ።

ከዳገቱ ለቅሶ ይሰማል። ዝናቡም ጀመረ።
አንዲት ሴት ወረደች፣ ሻሿ የረጠበ፦ "አባ ፊጣ ሞቱብን፤ ሰዉ ሜዳ ላይ ነው፤
ድንኳን ከከተማ እንዳናመጣ መንገዱ በውሃ ታጠረ።"
አየችው፣ ሸራውን። ሙዘይን እኔን አየ። እኔ እሱን አላየሁም፤
ስፌቴን ነበር የማየው። "ይፈታ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔው የሰፋሁትን እኔው ተረተርኩ፤
አሥራ ሁለት ቀን የፈጀውን፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ እየተናደድኩ።
ደቀሉ ምሰሶ፣ መቅዘፊያው ካስማ ሆነ። ሸራው ግን፣ ቤቱን እንደሚያውቅ በቅሎ፣ ያለ ትዕዛዝ ተዘረጋ፤
ዝናቡ እላዩ ላይ እንደ ገብስ ተንጣጣ፣ እስኪነጋ።

ሌሊት፣ ሰዉ አባ ፊጣን በደግነት ሲያነሳ፣
ሙዘይን አለቀሰ፣ ላላየው ሰው፣ ድምፁ እየሳሳ።
"የማን ዘመድ ነው?" አለኝ አንዱ፣ ጠጋ ብሎ ከጆሮዬ፤
"የሟች" አልኩት። የትኛው ሟች እንደሆነ ዋጥኩት ዝም ብዬ።

በአራተኛው ቀን፣ ሸራውን ትተን፣ እየቀዘፍን
ተመለስን።
ግድቡን አላየን።

አሁንም መጋዘኑ ነው፣ ጆንያ ይመዝናል፤
አልፎ አልፎ ሱቄ ጎራ ይላል።
ትናንት መጥቶ "ጠንካራ ጨርቅ አለህ?" አለኝ።
"ለጀልባ ነው ለድንኳን?" ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ አየኝ።
ሜትሬን ከአንገቴ አውርዶ፣ ጨርቁን እየለካ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ ይላል፦
"ሰፋ አርገህ ቁረጠው። እዚያ ስንደርስ ይታወቃል።"