በሰማንያ

አዛናው ይባላል፣ ከአዘዞ ፒያሳ ባጃጅ የሚነዳ፤
ዘንድሮ አራት ጊዜ ሆዱን ይዞ መጣ ወደ እኔ ጓዳ።
ጓዳ ስል ክፍሌን ነው፦ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ወንበር፣
መብራት በሄደ ቁጥር ላብ የሚያጠምቀው ፍሪጅ ከበር።

«ቶሎ በይ እህቴ፣ ወረፋዬ እንዳያልፍ፤
ያው ተስቦዬ ናት፤ ወረቀቱን ጻፊና ልረፍ።»

ክንዱን አሰርሁና ደሙን ቀዳሁለት፣
ውሃው ሲለይ ጠብቄ ከሰማያዊው ብልቃጥ አንድ ጠብታ ጣልሁበት።
ስላይዱን አወዛወዝሁ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፤
እንደ ቀሃ አሸዋ ጠጠር ጠጠር አሉ።

ጻፍሁ፦ አንድ ለሰማንያ።
ደሙንና በሽታውን አጋባሁ በሰማንያ፤
ዳኛውም እኔ፣ ምስክሩም እኔ፣ ማኅተሙም የእኔ።
ሰማንያ ግን ይፈርሳል። አልነገርሁትም፤ ይኸ ነው ኩነኔ።

ያን ምሽት፣ ሰው ሲወጣ፣ ከራሴ ክንድ ቀዳሁ፣
የሁለት ሰው ምሳ በልቼ ደረጃውን በሩጫ የወጣሁ።
ያው አሸዋ። ያው ጠጠር።
የልጅነት ትኩሳት ይሆን? የሌላ ተውሳክ ዘመድ?
ደም ያየውን አይረሳም፤
ቀኑን ሲጠይቁት ግን ደካማ ምስክር።

ማንጠግቦሽ ደግሞ አለች፣ ሰባት ዓመቷ፣ ከሳሙና በር፤
ስላይዷ ጥርት ያለ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ያልነበር።
«የለባትም» ብዬ ሰጠሁ።
ዶክተር ትርሲት ወረቀቴን አየች፣ ልጅቷን አየች፣
ወረቀቴን አጠፈች፤
ደሟን ለካልቸር ወደ ሆስፒታል ላከች።
በአራተኛው ቀን ስልክ ጮኸ፦ «በቅሏል!»
ገበሬ ቢለው እልል ይባላል፤
እኔ ግን ስልኩን እንደያዝሁ ወንበሬን ፈለግሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
እሺ፣ ይደር፤ ማደሪያው ግን የት ነው?
የሚያሞቀው ሣጥን ከተራራው ማዶ፣
እኔ ጋ ያለው ሰዓት፣ እሱም ሁለት ደቂቃ ለምዶ።

ዛሬ አዛናው መጣ፤ አምስተኛው።
ሳልጠይቀው እጅጌውን ሰበሰበ።
«ዛሬ ደም አልቀዳም» አልሁት፤ የሰገራ ዕቃ ሰጠሁት፤
«ይላካል። ሦስት ቀን፣ ምናልባት አራት። እስኪመጣ መድኃኒት አትግዛ።»
ሳቀ።
«አራት ቀን ሆዴን ይዤ? ዕቁቡንስ ማን ይጥልልኛል?»

መልስ አልነበረኝም።
ከውጭ አንዲት ሴት ጮኸች፦ «ባለባጃጅ፣ አዘዞ ነህ?»
ዕቃውን አየው፣ እኔን አየኝ፤
ኪሱ ከተተና
«ነኝ» አለ።